የግቢ ሣርን ከአረም በእጅ የማጽዳት አሠራር፦ ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋማ ከተሞች

በአዲስ አበባ የሰኔ ዝናብ ከጀመረ በኋላ የአንድ ግቢ መልክ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይለወጣል። በጋውን ነጥቶና ሳስቶ የከረመው ሰርዶ ገና ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ ቱልት ሰፋፊ ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ እንግጫ ከሣሩ በላይ ብቅ ብሎ፣ ማገጥም ከአጥሩ ግርጌ ተነሥቶ እየተሳበ መሐል ግቢ ይደርሳል። ባለቤቱ ጥቂት ሳምንታት ቸል ካለ ጎረቤት «ግቢው ሙጃ ወረሰው» ይላል፤ ያን ጊዜም ብዙ ሰው ወይ መድኃኒት ሊረጭ ያስባል፣ ወይም የቀን ሠራተኛ ጠርቶ ሁሉንም በዶማ አስገልብጦ እንደ አዲስ ሊያስተክል ይነሣል። ለአንድ ቤተሰብ ግቢ፣ ማለትም ከ30 እስከ 100 ካሬ ሜትር ለሚሆን ሣር፣ ሁለቱም አያስፈልጉም። ሥራው በእጅ ይሠራል፤ በትክክል ከተሠራም ይዘልቃል።

በእጅ መሥራትን የምመርጠው በግቢያችን ሣር ላይ ልጆች ስለሚንከባለሉ፣ ዶሮዎች ስለሚጭሩ፣ ለበዓል የተገዛ በግም ታስሮ ስለሚግጥ ነው። ከዚህም ሌላ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ፀረ አረም መድኃኒቶች ለዚህ ሥራ እምብዛም አይመቹም። ራውንድአፕ በሚል ስም የሚታወቀው መድኃኒት አረሙንም ሣሩንም ሳይለይ ያደርቃል፤ የስንዴና የጤፍ ገበሬዎች የሚረጩት ቱ ፎር ዲ ደግሞ ቅጠለ ሰፋፊውን አረም ሲያጠቃ፣ ሣር መሰል የሆኑትን እንደ አክርማና እንግጫ ያሉትን እምብዛም አይጎዳም። ግቢ ውስጥ እጅግ የሚያስቸግሩት ግን እነዚሁ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አረም ተነቅሎ የሚቀረው ባዶ ቦታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሣር ካልተተከለበት፣ እዚያው አፈር ውስጥ ተኝቶ የቆየው ሌላ ዘር ብርሃን አግኝቶ ይበቅልበታል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ «አረምኩ» የሚባለው ሦስቱ ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ሥሩ ሲወጣ፣ ዘሩ ከግቢ ሲርቅ፣ ጉድጓዱም በሣር ሲሞላ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ በወሩ አረሙ ሲመለስ ተስፋ ይቆርጣል፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክረምቶች በዚሁ መንገድ አባክኛለሁ።

የአረሙን ሥር መለየት

የአረሙን ስም ማወቅ ጥሩ ነው፤ ይልቁንም የሚጠቅመው ግን መሬት ውስጥ ምን ዓይነት ሥር እንዳለው ማወቅ ነው፤ የአነቃቀሉ ስልት የሚወሰነው በሥሩ ነውና። በደጋው ከተማ ግቢዎች የሚያጋጥሙትን በአምስት ከፍሎ ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያዎቹ እንደ ቱልት ያሉ፣ አንድ ወፍራም ሥር በቀጥታ ወደ ታች የሚሰዱ ናቸው። ሁለተኛዎቹ እንደ አክርማ ያሉ፣ በአንድ ቦታ ተጠቅጥቀው የሚወጡና ጸጉር የመሰለ ጥቅጥቅ ሥር ያላቸው ናቸው። ሦስተኛዎቹ እንደ ማገጥ መሬት ለመሬት እየተሳቡ በየአንጓቸው ሥር የሚሰዱ ናቸው። አራተኛዎቹ እንደ እንግጫ፣ እንዲሁም ቅጠሉ ሦስት ልብ የመሰለ፣ ሲቀምሱት የሚኮመጥጥና ሐምራዊ አበባ ያለው ትንሽ ተክል፣ መሬት ውስጥ እባጭ ወይም እንደ ትንሽ ሽንኩርት ያለ ነገር የሚደብቁ ናቸው። አምስተኛዎቹ ዕድሜያቸው አንድ ወቅት ብቻ የሆነ፣ እንደ ሙጃ፣ እንደ መጭና በልብስ ላይ እንደሚጣበቀው ጨጎጊት ያሉ፣ በዘር ብቻ የሚራቡ ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በቀላሉ ይነቀላሉ፤ ከቀን ጋር የሚደረግ ሽቅድምድም ግን አለባቸው፤ ዘር ከማፍሰሳቸው በፊት ካልተደረሰባቸው የሚቀጥለው ዓመት ሥራ እጥፍ ይሆናል።

ለመለየት ካስቸገረዎት ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ተክል ከነአፈሩ በአካፋ ያውጡና በባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ያጥቡት። ሥሩ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በዓይንዎ ካዩ በኋላ ቅጠሉን ባዩ ቁጥር መሬት ውስጥ ያለው ይታወስዎታል።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከሁሉ የጠቀመኝ መሣሪያ ከግንባታ የተረፈ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ነው። ብየዳ ቤት ወስጄ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቆረጥኩትና አንዱን ጫፍ በእሳት አስግሎ ጠፍጣፋ እንዲያደርገው፣ መሐሉንም በመጋዝ ከፍሎ እንደ እባብ ምላስ መንታ እንዲያወጣለት ባለሙያውን ለመንኩት፤ ሌላውን ጫፍ አጉብጦ እጀታ አደረገልኝ። ይህ መሣሪያ ጠባብ ስለሆነ በሥሩ ጎን ጠልቆ ይገባል፤ በዙሪያው ያለውን ሣርም አይፈነቅልም። ጠባብነቱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አፈሩ በሰፊው በተገለበጠ ቁጥር ከታች ተኝቶ የነበረ የአረም ዘር ወደ ላይ ወጥቶ ብርሃን ያገኛልና። ዶማና ትልቅ መኮትኮቻ ለሣር ሜዳ የማይመከሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከፌሮው ሌላ ያረጀ የወጥ ቤት ቢላዋ፣ ትንሽ መኮትኮቻ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሲባጎና አራት ችካል ይያዙ። ጓንት የግድ ነው፤ በተለይ በአጥር ሥር ሳማ ካለ ወይም ቅንጨ አረም ከገባ። ቅንጨ አረም በባዶ እጅ ደጋግሞ ሲነካ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ብናኙም አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ስለዚህ ይህን አረም ገና አበባ ሳይዝ፣ ጓንትና እጅጌ ያለው ልብስ ለብሰው፣ አፍና አፍንጫዎን በነጠላ ወይም በማስክ ሸፍነው ይንቀሉት።

ለመቀመጫ አጭር በርጩማ፣ ለጉልበትም የታጠፈ ማዳበሪያ ይዘጋጅ። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ማረም ወገብ ይጎዳል፤ ተቀምጦ የሚያርም ሰው ደግሞ ዓይኑ ለመሬቱ ስለሚቀርብ ትንንሾቹን ቡቃያዎች አያልፍም።

ቀኑንና የአፈሩን እርጥበት መምረጥ

የአረም ነቀላ ግማሹ ሥራ ቀን መምረጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ደረቅ አፈር ሥሩን አንቆ ይይዘዋል፤ ሲጎትቱት ከአንገቱ ይበጠሳል። የጨቀየ አፈር ደግሞ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ እየወጣ ሣሩን ያበላሻል፤ የተረገጠውም ቦታ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው እርጥበት ነው። ለመለካት ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥተው ይጨብጡት፤ እጅዎን ሲከፍቱ ቅርጹን ይዞ ከቆየና በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ቀኑ ዛሬ ነው። ውሃ ካንጠባጠበ ወይም እጅዎ ላይ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ አንድ ቀን ይታገሡ።

በዚህ ረገድ ቀይ አፈርና ጥቁር አፈር በጣም ይለያያሉ። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ውሃን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ዝናብ በጣለ ማግስት መሥራት ይቻላል፤ ምቹነቱም ለበርካታ ቀናት ይቆያል። በምሥራቅና በደቡብ ሰፈሮች፣ በተለይ ወደ አቃቂ አቅጣጫ የሚበዛው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ግን ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይም ይሆናል። በመረሬ ላይ ምቹው ጊዜ አጭር ነው፤ ከባድ ዝናብ ካቆመ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በኋላ ይጀምርና ብዙ ሳይቆይ ያልፋል። የመረሬ ግቢ ያለው ሰው ስለዚህ ቅዳሜን ብቻ ጠብቆ ማረም አያዋጣውም፤ አፈሩ በፈቀደበት ቀን ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ቢሰጠው ይሻላል።

በበጋ ወራት አፈሩን ማራስ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ውሃው በመጣበት ማታ የሚታረመውን ክፍል ብቻ ቀስ ብለው በደንብ ያጠጡና በማግስቱ ጠዋት ይሥሩ። ሙሉ ግቢውን ላይ ላዩን ከማርከፍከፍ አራት ካሬ ሜትሩን እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ማራስ ለአራሚው ይጠቅማል። ከሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ተስማሚ ነው፤ የደጋው ፀሐይ ከዚያ በኋላ ጭንቅላት ይመታል፤ አዲስ የሚተከለውንም ሣር ያጠወልጋል።

ግቢውን በመስመር መከፋፈል

አንድ ሰው ሜዳው መሐል ቆሞ ዓይኑ ያረፈበትን እየነቀለ ቢዞር ሲመሽ የትኛው እንደታረመ አያውቅም። ችካሎቹን ይትከሉና በሲባጎ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስመሮች ያውጡ። በአንድ መስመር ከዳር ጀምረው ወደ ኋላ እየተመለሱ ያርሙ፤ ያረሙትን እንዳይረግጡ ነው። ክፉኛ የተወረረ ሣር በመጀመሪያው ዙር ለአንድ ካሬ ሜትር 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። 50 ካሬ ሜትር ያለው ሰው በቀን ሦስት ካሬ ሜትር ብቻ ቢሠራ በ17 ቀን ይጨርሳል፤ ይህን ማወቅ በአንድ እሑድ ሁሉን ለመፈጸም ተነሥቶ ከመታከት ያድናል።

መጀመር ያለበትም አረሙ ከበዛበት ቦታ ሳይሆን ከተሻለው ቦታ ነው። በጎ ሁኔታ ላይ ያለው ሣር ቶሎ ጸድቶ ይጠነክራል፤ ከዚያም እየተስፋፋ ወደ ተወረረው ክፍል ይሄዳል። የዚህ ደንብ ልዩነት አንድ ብቻ ነው፦ የትም ይሁን የት አበባ ያወጣ አረም ካለ፣ የመጀመሪያው ቀን ሥራ እየዞሩ አበባውንና ዘሩን ቆርጦ በባልዲ መሰብሰብ ነው።

የአነቃቀል ስልት

ቱልት። ቅጠሎቹን በአንድ እጅ ሰብስበው ወደ ላይ ያንሡና አንገቱን ይፈልጉ። ፌሮውን ከአንገቱ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርገው በትንሹ ወደ ሥሩ አዘንብለው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያስገቡት። ከዚያ እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑ አፈሩ ከሥሩ ሲላቀቅ በእጅዎ ይሰማዎታል፤ መጎተት የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው። ቅጠሉን ሳይሆን አንገቱን ይዘው በቀጥታ ወደ ላይ ይጎትቱ፤ አያወዛውዙት። ሥሩ ከወጣ በኋላ ጫፉን ይመልከቱ። እንደ አይጥ ጅራት ቀጥኖ የሚያልቅ ከሆነ ሙሉውን ወጥቷል፤ ጫፉ ድፍን ሆኖ ቢጫ ሥጋው ከታየ ተሰብሮ ቀርቷል። ቱልት ዳግመኛ የሚያቆጠቁጠው ከአንገቱና ከላይኛው የሥሩ ክፍል ስለሆነ፣ ከጥልቁ የተሰበረ ቀጭን ጫፍ ብዙ አያሳስብም፤ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ የተሰበረ ግን ተመልሶ በሁለት ራስ ይመጣል፤ ስለዚህ እዚያው ተፈልጎ መውጣት አለበት።

ይህን ያስተማሩኝ በሰፈራችን የብዙ ሰው ግቢ የሚንከባከቡ አንድ አረጋዊ አትክልተኛ ናቸው። አንድ ቀን በኩራት የሰበሰብኩትን የቱልት ክምር ሳሳያቸው ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡና ጫፉን ወደ እኔ አዞሩት። «ልጄ፣ ይሄ ቅጠል ነው፤ ቱልቱ ገና መሬት ውስጥ ነው» አሉኝ። ለሆድ ቁርጠት ሥሩን ሲያኝኩት የኖሩ ሰው ስለሆኑ የቱልት ሥር ሲሟላ ምን ያህል እንደሚረዝም ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። «እሺ አባባ» ብዬ ከመጀመሪያው መስመር እንደገና ጀመርኩ።

አክርማ። ይህ የስፌት ባለሙያዎች አገዳውን የሚለቅሙለት ጠንካራ ሣር ነው፤ የዳጉሳም የቅርብ ዘመድ ነው። ግቢ ውስጥ ሲገባ ሰርዶውን እየገፋ እንደ ትንሽ ጉብታ ያብጣል። በእጅ ብቻ የሚጎትተው ሰው እጁን ይቆርጣል እንጂ አክርማው አይነቃነቅም። በቢላዋው ዙሪያውን እንደ እንጀራ ምጣድ ክብ አድርገው ወደ መሐል እያዘነበሉ ይቁረጡ፤ ቀጥሎም ፌሮውን በሦስት በኩል አስገብተው እየፈነቀሉ ያንሡት። ሲወጣ ሥሩ አንድ ራስ ጸጉር ይመስላል፤ ብዙ ጥሩ አፈርም ይዞ ይወጣል። አፈሩን እዚያው ጉድጓድ ላይ መትተው ያራግፉ፤ የግቢዎን ለም አፈር ከአረም ጋር አይጣሉ። የአክርማ ጥቅሙ፣ አንድ ጊዜ ዘውዱ ከነሥሩ ከወጣ እዚያው ቦታ መልሶ አለማስቸገሩ ነው።

ማገጥ። የሚሳበውን ግንድ ከጫፉ ሳይሆን ከመነሻው ይፈልጉ። ጣቶችዎን በሣሩ መካከል እያስገቡ ግንዱን ወደ ኋላ ሲከተሉት ሁሉም የሚገናኙበት እናት ሥር ላይ ይደርሳሉ። እሱን በቢላዋ ጫፍ ካወጡ በኋላ የተሳበውን ግንድ እንደ ምንጣፍ እየጠቀለሉ በየአንጓው የሰደደውን ሥር ያላቅቁ። ማገጥ እንደ ባቄላና እንደ አተር ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን የሚያዳብር፣ በግና ንብም የሚወዱት ተክል ነው፤ ስለዚህ እኔ ከአጥሩ ሥር ያለውን እተወዋለሁ። በአንድ ሣር ላይ ማገጥ ከልክ በላይ ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አፈሩ ናይትሮጅን አንሶት ሰርዶው መድከሙ ነው።

እንግጫ። በጎጃም በዘመን መለወጫ ሰሞን ልጃገረዶች እየዘፈኑ እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ፤ በግቢ ሣር ውስጥ ግን ይህ ተክልና ዘመዶቹ ከሁሉም አረም ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቁ ናቸው። ከሣር የሚለዩት አገዳቸውን በጣትዎ መካከል ሲያሽከረክሩት ነው፤ የሣር አገዳ ክብ ሆኖ ይዞራል፣ የእነዚህ ግን ሦስት ማዕዘን ስላለው ይቆረቁራል። ብዙዎቹ መሬት ውስጥ ሽምብራ የሚያክል እባጭ አላቸው፤ ቅጠሉ ሲጎተት ከእባጩ ተበጥሶ ይወጣል፣ እባጩም በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ቅጠል ይልካል።

ሁለት መንገድ አለ። እንግጫው ጥቂት ከሆነ እያንዳንዱን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከነአፈሩ በጠባቡ አውጥተው፣ አፈሩን በጣትዎ እየፈረፈሩ እባጩን ይልቀሙ። ከብዛቱ የተነሣ ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ማድከም ነው ያለው፦ ቡቃያው ሦስት ወይም አራት ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለትም ገና አዲስ እባጭ መሥራት ሳይጀምር፣ በየሁለት ሳምንቱ ሳይዘልሉ ይንቀሉት። እባጩ ያከማቸውን ምግብ እያወጣ ይደክማል። አንድ ዙር ቢያልፍዎ ተክሉ አዲስ እባጮች ለመሥራት ዕድል ያገኛልና ቀኑን በካላንደር ላይ ምልክት ማድረጉ ይጠቅማል። በአንድ ክረምት አያልቅም፤ በእኔ ግቢ ሦስት ወቅት ፈጅቷል።

ኮምጣጣው ባለ ሦስት ቅጠል። ይህንን ጎትቶ መንቀል ጥፋት ነው። በሥሩ ያለው ሽንኩርት መሰል ራስ በዙሪያው ሩዝ የሚያካክሉ ብዙ ልጆች አሉት፤ ሲጎትቱት እነዚያ ተበትነው ይቀራሉ። በአካፋ ጫፍ አንድ ቡጢ የሚያክል አፈር ከነተክሉ ያንሡና እንዳይፈርስ ቀጥታ በባልዲ ውስጥ ያኑሩት። ባልዲው ሲሞላ አፈሩን በወንፊት ነፍተው ልጆቹን ይለዩ፤ ጊዜ ከሌለዎት አፈሩንም ጭምር ያስወግዱት።

በዘር ብቻ የሚራቡት እነ ሙጃ፣ እነ መጭና ጨጎጊት በሁለት ጣት ከአንገታቸው ተይዘው ይወጣሉ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ቅልጥፍና ብቻ ነው።

የተነቀለውን ማስወገድ

ሁለቱ ባልዲዎች ለዚህ ነው የተዘጋጁት። በአንደኛው አበባና ዘር የሌለውን፣ እባጭም የሌለውን አረም ይሰብስቡ፤ ይህ በሲሚንቶ ወይም በኮብልስቶን ላይ ተሰጥቶ ጥቂት ቀን ከደረቀ በኋላ ወደ ኮምፖስት ይገባል። በእርጥብ ሣር ላይ ተጥሎ ካደረ ግን አንዳንዱ መልሶ ሥር ይሰዳል። በሁለተኛው ባልዲ ዘር የያዘው፣ እንግጫውና ኮምጣጣው ይገባሉ። እነዚህ በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ታስረው በፀሐይ ላይ ለሳምንታት ይቆዩና ከቆሻሻ ጋር ይሂዱ። በየቤቱ የሚሠራው ኮምፖስት ብዙ ጊዜ የአረም ዘርን የሚገድል ሙቀት ላይ ስለማይደርስ፣ ዘር የያዘ አረም እዚያ መጨመር በሚቀጥለው ዓመት በገዛ እጅ መዝራት ይሆናል።

ጉድጓዱን በዚያው ቀን በሣር መሙላት

በአብዛኛው የሚዘለለው ሥራ ይህ ነው፤ እኔም አጥብቄ የማሳስበው ይህንኑ ነው። ሣሩን መግዛት አያስፈልግም። ሰርዶም ሆነ በደጋችን በተፈጥሮው የሚበቅለው ወፍራሙ የኪኩዩ ሣር፣ ከሜዳው ዳር አልፎ ወደ መተላለፊያው ድንጋይ የሚሳብ ግንድ አለው፤ ያም ተቆርጦ የሚጣል ነው። ከእሱ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው ቁራጭ ይውሰዱ። ጉድጓዱን በተነፋ አፈርና በበሰለ ኮምፖስት ከሞሉ በኋላ ሁለቱን አንጓዎች ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቀብረው ጫፉን ከአፈሩ በላይ ይተዉት። በእግርዎ ረገጥ አድርገው አፈሩ ግንዱን እንዲነካው ያድርጉ፤ በሥሩ አየር የቀረበት ቁራጭ ይደርቃል። አክርማ ለወጣበት ሰፊ ጉድጓድ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት አራትና አምስት ቁራጭ ይትከሉ።

በክረምት ዝናቡ ያጠጣዋል። በሌላ ጊዜ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ ይሰጠው፤ አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ሥር መስደዱን ያሳያል። እስከዚያ ድረስ በጉም ሆነ ልጆች ያንን ቦታ ባይረግጡት መልካም ነው፤ ጥቂት ቅርንጫፍ ማስቀመጥ ይበቃል።

ተመልሶ መዞር

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሥራው ይቀልላል፤ ግን አይቆምም። ከሰኔ እስከ መስከረም በሳምንት አንድ ቀን፣ በበጋ በወር አንድ ቀን፣ በበልግ ዝናብ ጊዜ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ግቢውን በዚያው በመስመር መዞር ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ የማይታለፈው የነሐሴ መጨረሻ ዙር ነው። አብዛኛው የደጋ አረም በመስከረም ያብባልና፣ ከዘመን መለወጫ በፊት የተነቀለ አንድ መጭ ከብዙ ዘር ያሳርፋል። የዓውደ ዓመት ግርግር ስላለ ሰው ይህን ሳምንት ያልፈዋል፤ ስለዚህ ዙሩ ከጳጉሜን በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል።

ሥራውን ለአትክልተኛ ወይም ለቀን ሠራተኛ የሚሰጥ ሰው ክፍያውን በቀን ሳይሆን በመስመር ቢስማማ፣ ሥሩንም በባልዲ እንዲያሳዩት ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜትሮች አብሮ ተቀምጦ ማሳየት ይገባል፤ በመኮትኮቻ ላይ ላዩን መላጨት ፈጣን ስለሆነ ያልተነገረው ሰው ሁሉ የሚሄደው በዚያ መንገድ ነው።

ሣሩን ማበርታት

በዓል ሲመጣ ሣሩን መሬት እስኪታይ ድረስ በማጭድ ማስላጨት በብዙ ግቢ የተለመደ ነው። ይህ ለአረም በር መክፈት ነው፤ ብርሃን አፈሩ ላይ ሲደርስ የተኛው ዘር ይነቃል፣ የተላጨው ሰርዶ ደግሞ ለማገገም ሳምንታት ይፈልጋል። ሣሩ ሁልጊዜ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይተውለት፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ። በሰኔ ዝናቡ ሲጸና ለ50 ካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ያህል ዩሪያ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ እኩል ተበትኖ ወዲያው ውሃ ቢጠጣ ሰርዶው በፍጥነት ይጠቀጠቃል። ዩሪያ የማይፈልግ ሰው የተነፋ ኮምፖስት ከ1 ሳንቲ ሜትር ሳያስበልጥ በላዩ ይበትን። እግር የበዛበትና የጠጠረ ቦታ ካለ በዚያው ፌሮ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየወጉ አየር እንዲገባው ማድረግ ይጠቅማል።

አረም የሚገባባቸውን በሮች መዝጋት

አንድ ዓመት ከግቢዬ አንድ ጥግ ላይ የረገበውን ቦታ ለመሙላት አንድ መኪና አፈር አስመጣሁ። ሻጩ ንጹሕ የአትክልት አፈር ነው ብሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ያ ጥግ በሙሉ እንግጫ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚገዛውን አፈር ሳላራግፍ ሁለት አካፋ አስወርጄ በወንፊት እነፋለሁ፤ እባጭ ካየሁ መኪናው ይመለሳል። ያልበሰለ ፍግም እንዲሁ ነው፤ ከብቱ የበላው ዘር በውስጡ በሕይወት ይኖራል፤ ስለዚህ ፍግ ተከምሮ፣ እየተገላበጠ፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ወራት ሊቆይ ይገባል። ለበዓል የታሰረው በግ የጣለው በጠጥም ሣሩ ላይ ከሚቀር ተጠርጎ ወደዚያው ክምር ይግባ።

ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጤማ በማግስቱ ሲጠረግ ብዙ ጊዜ የሚጣለው ሣሩ ላይ ነው። ራስ ያወጣ ቄጤማ ከሆነ ዘሩን ያራግፋልና ወደ ሁለተኛው ባልዲ ይሂድ። በመጨረሻም በየክረምቱ ዙር ከበሩ ውጭ ያለውን የቦይ ዳርና የአጥሩን ውጫዊ ግርጌ ሁለት ሜትር ያህል አብረው ያርሙ፤ ቅንጨ አረምና ጨጎጊት ብዙ ጊዜ ከዚያ ተነሥተው በእግር፣ በልብስና በጎርፍ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ይህንን ክፍል በአንድ ጠዋት አብሮ መሥራት ከተቻለ፣ የውስጡ ዙር በሚቀጥለው ዓመት በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ይሆናል።